ጠጋ በሉ

ሰሌዳው ወዝቷል፤ ጠመኔ ያዳልጣል፤
ደብረ ሲና ጠዋት፣ ጉሙ በመስኮት ይገባል።
ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልኩትን ደግሜ አልኩ፤
ግፊትን በይዘት አባዛሁ፣ የእኩል ምልክት ሰካሁ፣
"ፍጹም ጋዝ" ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩ።

"ቅንጣቱ ነጥብ ነው፤ ወርድ የለው፣ ቁመት የለው፤
ባልንጀራው ቢያልፍ አያውቀው፣
ቢገጨው አይቀየመው፣
ቢርቅ አይናፍቀው።"

ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች ትርንጎ ማንያዘዋል፣
ከአርማንያ በእግሯ የምትመጣው፤ ጸጉሯ ነጠብጣብ አዝሏል።
"መምህር፣ ቅንጣት ከቅንጣት እንዲህ ካልተዋደደ፣
ይሄ ጉም ታዲያ ምንድን ነው? ሹራቤ ላይ ማን ወረደ?"

ክፍሉ ሳቀ።
ደወሉ አዳነኝ እንጂ አፌ ደረቀ።

ዓርብ ማታ ወደ ደብረ ብርሃን፣ በመጨረሻው መኪና፣
ረዳቱ ደጃፉ ላይ፦ "ጠጋ በሉ! ቦታ አለ ገና!"
ለካ እሱም የኔ ተማሪ ነው፤ ፍጹም ጋዝ ነው የሚያውቀው፤
ጉልበታችንን፣ ዳሌያችንን፣ የታቀፍነውን ዶሮ ሁሉ
ነጥብ አድርጎ ነው የቆጠረው።
በሃያ አራት ወንበር አርባ አንድ ሆነን በሩ እምቢ አለ፤
ክንድ ክንድን መለሰ፤ ጎን ጎንን ከለከለ።
ሰው ይጠጋል እንጂ አይጠፋም።

ጣርማ በር፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ብርዱ በስንጥቁ ሲገባ
ቅድም በክርን የተጓሸመው ሁሉ ሳይነጋገር ተግባባ።
አንድ የማላውቀው ሰው፣ የመንዝ ባናውን ፈትቶ፣
ግማሹን ጭኔ ላይ ጣለ፤
ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ፣ ስሜን ሳይጠይቅ፣ አንገቱን ደፍቶ።
ዋሻውን እንዳለፍን አንድ ጎረምሳ ወደ በሩ ሲወረወር
ከኋላ ጃኬቱን ያዙት፤ "ቀስ! ጉም ነው፤ ገደሉ አይለይም ከዳር!"
ሊደበድበው በቃጣው በር ላይ መዳፉ ለስልሶ አረፈ፤
ከጉልበቱ ሲሶው በያዙት እጆች ውስጥ ተረፈ።

ሌሊቱን የተማሪነት ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ።
አንድ የሆላንድ ሰው በዚያች ቀመር ላይ ሁለት ፊደል ጨምሮባታል፤
አንዷ "ሥጋ አለው" ትላለች፣ ከይዘቱ ላይ ትቀንሳለች፤
ሌላዋ "ይሳሳባል" ትላለች፣ የጎደለ ግፊት ትመልሳለች።
ከጎናቸው፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፦
"ለፈተና አይመጣም።"

እርግጥ፣ ነጭ ውሸት አላስተማርኩም፤
በቆላ ሙቀት፣ በሰፊ ሜዳ፣ ተራርቀው ለሚበሩት
ቀመሬ ይሠራል፤ ነጥብ ናቸው ቢሏቸው ነጥብ ይመስላሉ።
እኔም ደሞዝ በወጣ ሰሞን እንደዚያ ነኝ፤ ማንንም አልፈልግም።
ሲጨናነቅ ነው፣ ሲበርድ ነው
ማን ሥጋ፣ ማን ፍቅር እንዳለው የሚታወቀው።

ሰኞ፣ ሰሌዳው እንደገና ወዝቷል።
"ፍጹም" የምትለዋን በእጅጌዬ አጠፋሁ፤ ጋዙ ብቻውን ቀርቷል።
"ትርንጎ" ብዬ ዞርኩ፤ አልደረሰችም፤ ጉሙ መንገድ ይዟል።
ለሦስት በተሠራ ወንበር ከእሷ ጋር አራት የሚሆኑት ጓደኞቿ፣
ተጣበው፣ አንደኛው ከዳር ሊወድቅ ደርሶ፣
መሃል ላይ
የእሷን ወርድ የሚያህል ክፍት ትተው ይጠብቃሉ።