ምንጭ ያስፈልጋል

አራብሳ ጫፍ ላይ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ከተማው አልቆ ጨለማው ሲዘልቅ፣
መብራት ከሌሊቱ ሰባት ላይ ሲመጣ፣
ከብርድ ልብሴ ውስጥ እጄ ብቻ ሲወጣ፣
ሁሉም በሚጽፈው መዝገበ ዕውቀት ላይ
የሰው ፊደል ሳርም ቁጭ ብዬ አድራለሁ፤
ደሞዝ የለው፣ አበል የለው፣
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ስትይዝ
ደስ ይለኛል፣ ምን አደርጋለሁ!

ሌንሳ የምትባል፣ ገና የመጣች ልጅ፣
ሰባት መስመር ጻፈች
«ቡርቃ» ስለሚሉት፣ ከብት ይጠጣበት፣
ሙሽራ እግሯን ታጥባ ትሻገርበት
ስለነበረው ውሃ፣
ዛሬ ብሎክ አርባ ሁለት ስለቆመበት።

እኔም እንደ ልማዴ፣ ሰላም እንኳ ሳልላት፣
«ምንጭ የለውም» ብዬ
ሰባቱንም መስመር በአንድ ጣት አጠፋሁባት።
ሙሉሰው ተከተለኝ፤ ያው እንደ ፀባዩ
«ተረት ተረት» አለና
ሦስት ቃለ አጋኖ ደረደረ በላዩ።

ሁለት ቀን ዝም አለች።
በሦስተኛው ቀን፦
«ጋሼ፣ ምንጭ የለውም አሉኝ። አለው እንጂ!
ቡርቃ ማለት እኮ በእናቴ ቋንቋ ምንጭ ነው።
የጠፋ መስሎዎት ነው፤
ተኝታችሁበት ነው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።
ሰባቱን መስመር ከታሪክ ገጹ አውጥቼ
አነበብኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበረ።
ብሎክ አርባ ሁለት።
እሷ በየት ታውቃለች የምተኛበትን?
የገዛ አድራሻዬን ነው ለካ
ሳላነብ የሰረዝኩት።

ሲነጋ ወረድኩ፤ ምድር ቤት፣ ኑረዲን ሱቅ።
ከጨው ከረጢቱ ጀርባ ግድግዳው ያልበዋል፣ ቀለሙ ይላጣል።
«ሦስቴ አስቀባሁት፤ በበጋም ከሥሩ እርጥበት ይመጣል።
ቧንቧ ፈንድቶ ነው ይላሉ» አለኝ።
ቧንቧ!
ቧንቧው ውሃ ካየ ስድስተኛ ቀኑ፤
ቢጫ ጀሪካን ሁሉ በደጅ ተሰልፎ
አፉን እንደከፈተ ነው የነጋበት።

ደንባችን ያልታተመ ነገር አይቀበልም፤
ግድግዳ አይጠቀስም፣
ላብ የግርጌ ማስታወሻ አይሆንም።
ቢሆንም ጻፍኩላት። አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩላት፦

«ሌንሳ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ‹እንደሚታወቀው› ይውጣ፤
ማን ያውቀዋል? እኔ እንኳ አላወቅሁ፣ በላዩ እያደርኩ።
የሙሽራዋን እግር ግን እንዳትነኪው።
ውሃውን የቀዱ እናቶች ካሉ ሄደሽ ጠይቂ፤
ስማቸውን፣ ዘመኑን ያዢ፣ የሚያሳትም ሰው እስኪገኝ።
ሙሉሰውን እኔ አነጋግረዋለሁ፣ ቃለ አጋኖውን ይመልስ።
ሰላም ሳልልሽ ነበር የጀመርኩት።
ሰላም።»

መስመሮቹን መለስኩ፣ እንደነበሩ።
ከጫፋቸው ላይ በቅንፍ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ
በስንቱ ሰው ገጽ ላይ እንደ ማኅተም የመታኋትን ቃል አኖርኩ፦
ምንጭ ያስፈልጋል።
ዛሬ ገና
ስጽፋት ጠማኝ።