ከነዚሄ ጋር፣ ሐሙስ ማታ

ሲኖፕ ላይ ሐሙስ ሲመሽ መንገዱ ጭር ይላል፤
በየመስኮቱ ሰማያዊ ብርሃን ይርገበገባል።
እህቴ ነዚሄ ሶፋው ላይ፣ አንድ ሳህን የሱፍ ፍሬ ታቅፋ፣
«ና እንጂ ፈሪዱን! ጀመረ!» ትለኛለች ገና ካሁኑ አኩርፋ።
እመጣለሁ።
መነጽሬን እጠርጋለሁ፣ ወንበሬን እስባለሁ።
ይህን ታሪክ እኔ ከሷ በፊት አውቀዋለሁ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ከወደቡ አጠገብ፣
ሁለት ሺህ ቅጂ ጠርዣለሁ፤ ቀን በመስፋት፣ ሌሊት በማንበብ።
ሙጫው ጣቴ ላይ ሳይደርቅ ሙአላን ወድጃት ነበር፤
አጭር፣ ጠይም፣ ግራ ጉልበቷ ሸብረክ የሚል፣ ከጨው መጋዘኑ በር
የማትጠፋ።
የቴሌቪዥኗ ሙአላ ቁመቷ መቃ፣ ጥርሷ ወተት፤
ከረጢት ተሸክማ እንኳ ፀጉሯን አይደፍረውም ነፋስ፣ አይነካውም ላበት።
«ጨው የተሸከመ ሰው ትከሻው ይላጣል» እላለሁ።
«አንተ ደግሞ! ቀሚሷን ግን አየኸው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ እለብሰዋለሁ።»

በመጽሐፉ አባቷ እስከ ገጽ ሁለት መቶ ይኖራል፤
ሽንኩርት ይከትፋል፣ ያስነጥሳል፣ በዳማ ይሸነፋል።
እዚህ ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት
መኪና ገጨው፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ቫዮሊን ተለቀሰበት።
ታህሲን ፈሪ ነበር፤ ፈሪነቱ ነበር ደጉ፤
አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። ተኩስ ከሌለ ማስታወቂያ አይገባም አሉ፤ ምን ያድርጉ!

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ሪፋትን ግን አልቻልኩም።
ፖስተኛውን ነው የምላችሁ፤ በመጽሐፉ ከሦስት መስመር አይበልጥም፦
ክፉ ወሬ መሆኑን ከፖስታው ክብደት ጠርጥሮ፣
በዝናብ ሰፈሩን ሁለቴ ዞሮ፣
በሩን ሳያንኳኳ ተመልሶ በማግስቱ ያመጣው፤
«አንድ ሌሊት ትተኛ ብዬ ነው» ያለው።
ያን ገጽ ስሰፋ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤
ስንቱ ሰው ይሆን፣ ሳላውቅ፣ አንድ ሌሊት ያስተኛኝ?

በቴሌቪዥኑ ሪፋት የለም። ስልክ ጮኸ፤ ሙአላ አነሳች፤
ብርጭቆ ወደቀ፤ አለቀሰች።
«ይህማ ስርቆት ነው!» ብዬ ተነሣሁ፤ «ሰውየውን የት አደረሱት?»
«ማንን?» አለች ነዚሄ፣ ዓይኗን እንባ ሞልቶት።
ማንን ልበላት?
ያላየችው ሰው እንዴት ይናፍቃት?
ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን ሙነቨር ትንሰቀሰቃለች።
«መጽሐፍህ ላይ ብቻህን ነበርክ፤ እኛ ግን ሁለት ነን» አለች።

ያለፈው ሐሙስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣
ሙአላ ቤቱን ለቃ ልትሄድ፣ ሻንጣዋ ተደግፎ ከበር፣
ከምስማሩ ላይ የአባቷን አሮጌ ካፖርት አወረደች፤
ኪሱ ውስጥ እጇን ሰደደች።
ደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤
ምንም አላለችም። እዚያው ኪሱ ውስጥ መለሰችው።
ቫዮሊኑ እንኳ ዝም አለ።
እኔም ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተንጠለጠለ።
«ይኸውልሽ» አልኩ፣ «ይህቺ ከመጽሐፉ ናት፤ ይህቺን አልነኳት።»

ሌሊት ተነሥቼ ከመደርደሪያው አወረድኩት፤
በገዛ እጄ የሰፋሁት፣
ጀርባው የላላ፣ ገጹ ሻይ የጠጣ፤
ሽንኩርቱ አለ፤ ካፖርቱም አለ፤ ልጣጯ ሳትወጣ
ነጋ።
የትኛው ጸሐፊ ይሆን፣ በየትኛው ቢሮ፣ በስንት ብርጭቆ ሻይ
ያን ኪስ የዳበሰ? ደራሲው ያላየውን እሱ እንዴት ሊያይ?

መርፌዬን አወጣሁ፤ ክሩን በሰም አሸሁት፤
ከሁለት መቶኛው ገጽ ቀጥሎ አንድ ባዶ ወረቀት ሰፋሁበት።
ምንም አልጻፍኩበትም።
የሪፋትን ነገር ግን ይቅር አላልኩም።

ነዚሄ ከኩሽና፣ «የሚመጣው ሐሙስ ይጋባሉ» አለች።
«አይጋቡም! በመጽሐፉ እሷ ብቻዋን ቀረች!»
አንዲት የሱፍ ፍሬ በጥርሷ ሰበረች፤
«እናያለና» አለች።