የሐረጎ ገመድ

የቅድመ አያቴ ስም ሙሄ አራጋው ነበር፣
ከሐረጎ ግርጌ ጠፍር የሚወጥር።
ጨው ጭኖ ለመጣ ገመዱን ያወርዳል፣
ካስር አንድ አሞሌ ለጌታው ያስቀራል።
«ጌታው ማን ነው?» ቢሉት፣ ይስቃል፦ «እንጃ እሱን፤
ማኅተም ያመጣል፣ ይወስዳል ጨዋችንን።»

አንዱ ከሰሜን መጥቶ ጦሳ ሥር ሰፈረ፣
ድንኳኑ ሲነሳ ከተማው ግን ቀረ።
አንዱ አዳራሽ ሠራ ሺህ ሰው የሚያበላ፣
የጠጁ፣ የሥጋው ዋጋ ከሙሄ ኬላ።
ጦር ደቡብ ሲዘምት ገመዱ ተነሳ፣
ስለ ነፍጥ ቀረጥ ማንም አላነሳ።
ሲመለስ ቡና አለ፣ ዝባድ አለ፣ ጥርስ አለ፣
የታሰረ ሰው አለ።
ሙሄ ቆጠረ። ዝም አለ።

መዝገቡ ላይ ያ ገጽ የለም፤ ማን እንደገነጠለ
እናቴን ብጠይቅ፣ «ወተቱ ገነፈለ!»
ብላ ወደ ጓዳ።

ጣልያን ተራራውን ጠምዝዞ መንገድ አነጠፈ፤
የመጀመሪያው ካሚዮን ገመዱን በጥሶ አለፈ።
ሙሄ ሁለቱን ጫፍ ቋጠረ፣ ጠቀለለ፣
«ሌላ ጌታ ይመጣል፣ ይፈልገዋል» አለ።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ደረቅ ወደቡ በር ላይ፣
ቁልፍ ስጫን ብረቱ ይነሳል ወደ ላይ።
ደመወዜ ጥሩ ነው።
ትናንት ሌሊት መጡ ሸራ የተሸፈኑ፣
ታርጋ የላቸውም። «ክፈት!» ተባልኩ። ስንት እንደሆኑ
መቁጠር ጀምሬ ነበር…

እናቴ ደሴ ላይ፣ ሙጋድ፣ ከበር እስከ ባሕር ዛፉ
ገመዱን ወጥራዋለች፤
ከቋጠሮው አጠገብ የሥራ ሸሚዜን
አጥባ ሰቅላበታለች።