አሥራ አራተኛው መደብ

አባቴ ድንች ሲተክል፣ ቦያካ ዳገቱ ላይ፣
ክንዱን ሙሉ ይሰድ ነበር፣ የውርጭ ዓይን እንዳያይ፤
"አፈር አትንፈጊው ልጄ፣ አፈር ነው የሚያሳድር።"
ፋካታቲቫ ስወርድ፣ ያለኝ ሙያ ይኸው ነበር።

በፕላስቲክ ሰማይ ሥር፣ ካርኔሽን ሰጡኝ በሣጥን፣
ሥሩ የአራስ ልጅ ጠጉር፣ ቁመቱ ጣት የማያህል፣ ቀጭን።
"አሥራ አራት ያንቺ መደብ" አሉኝ። ተንበርክኬ ገባሁ፤
እስከ አንገቱ ድረስ ቀበርኩ፣ ዙሪያውን በቡጢ መታሁ።
ሲመሽ ዞሬ አየሁት፤ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብሏል፤
አባቴ ይኼን ቢያይ፣ አልኩ፣ ሳይናገር ይኮራል።

አሥራ አምስት የኦቲልያ ነው፤
ሃያ ስድስት ዓመት በጉልበቷ የሄደች፤
ችግኙን አፈር ላይ አኖረችው እንጂ፣ አልተከለች።
ሥሩ ከላይ ይታያል። የመጀመሪያው ውሃ ሲነካው፣
ተንጋደደ፣ ተጋደመ፤ የሰርግ ማግስት ሰካራም ነው።
"ይወድቅብሻል!" አልኳት።
"ይውደቅ፤ የወደቀ ይነሣል።
አንገቱ የታነቀ ግን፣ ቆሞ ሳለ ይበሰብሳል።"

ሦስት ሳምንት አልሞላም።
ግንዱ አፈሩን ከሚነካበት፣ ቡናማ ቀለበት አጠለቀ፤
በሁለት ጣት ብስበው፣ ሥሩን እዚያው ጥሎ ወለቀ።
ባለሙያው ኤልቤርቶ መጣ፤ ቆጠረ፣ ጻፈ፣ አልተቆጣም፤
"ከመቶው አርባ አንድ።" ከዚያ ወዲያ ቃል አላወጣም።

የኦቲልያ ግን ቀና ብሎ፣ መረቡን አልፎ ሲወጣ፣
ጥፍሯን አሹላ ደረሰች፤ አናት አናቱን ልትቀጣ።
"ገና ሲቆም?"
"ብቻውን ቢሄድ አንድ ዘንግ ነው፤ ቢቀነጠስ አምስት፤
ከአምስቱም ሁለቱን እደግማለሁ፣ እንዳይደርሱ ባንድ ሌሊት።
የእናቶች ቀን አንድ እሑድ ነው፤ ከዚያ በኋላስ ምን እንበላ?"
ቀነጠሰች። አረንጓዴ ሽታ። አንዴም አልዞረች ወደ ኋላ።

የተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ሻንጣዬ እንደታሰረ ነው፤
ኦቲልያ አንድ ቀን ገብታ፣ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው።
"አልፈታሽም?"
"ገና ነኝ።"
"ደህና" አለች። "ላይ ላዩን ያዢ ለጊዜው፤
ሥር መንገዱን ራሱ ያውቃል፤ አትጫኚው።"

አፈሩን በእንፋሎት ቀቅለው፣ አሥራ አራትን መለሱልኝ፤
እጄ አሁንም ጥልቅ ይላል፤ የአባቴ እጅ ነው፣ አልታዘዘልኝ።
አንድ አንዱን መልሼ እያወጣሁ፣ ሥሩን ለብርሃን ተውኩ፤
ውሃው ሲለቀቅ ሁሉም ጋደለ።
ሳላቃና ቤቴ ሄድኩ።