ስሙኒ

ማክሰኞ በጠዋት፣ ከፍራንኮ ማዶ፣
ሙዘይን ቦንዳውን በምላጭ ቀዶ፣
ትንፋሹን ሲለቀው የታፈነው ጨርቅ፣
ካፖርትና ሹራብ እግሬ ላይ ሲወድቅ፣
አንድ ማልያ አየሁ፤ ቢጫ፣ ቀይ መስመር፣
ክርኑ ላይ የሳሳ፣ እጅጌው የሚያጥር፤
ደረቱ ላይ ጋሻ፣ ከማላውቀው ፊደል ዳር፣
ከአንገቱ ሥር ደግሞ ሃያ አምስት ቁጥር።

«ስንት?» አልኩት። «አራት መቶ።» «በሦስቱ ስጠኝ።»
«ወላሂ አያዋጣም!» አለና ሸጠልኝ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰፈር ስሜን ጣለ፤
ቶለሳ የሚለኝ ከእናቴ ሌላ የለ።
ባለ ጋሪው ሳይቀር አለንጋውን ሰቅሎ፣
«ስሙኒ!» ይለኛል ከሩቅ ተንጠልጥሎ።
ስሙኒ፦ ባለ ሱቅ የማይቀበላት፣
ለማኝ እንኳ አይቶ ፊቱን የሚያዞርባት።
እኔም መስሎኝ ነበር የተጠባባቂ፣
የጫማውን ማሰሪያ ደጋግሞ አጥባቂ፣
ሰው እስኪጎዳለት በሆዱ የሚጸልይ፣
የአንድ ምስኪን ቁጥር፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ።

ዳንጊሶ ነው ያረመኝ። ዳንጊሶን ታውቁታላችሁ፤
ከቤቲንግ ቤት የማይጠፋው፣
የማንንም አገር ሦስተኛ ዲቪዚዮን በቃሉ የሚያወርደው፣
በዓመት አንዴ በልቶ፣ በየሳምንቱ የሚበላው።
የተቃጠለ ትኬቱን ከጆሮው ላይ አነሣና፣
ኮሌታዬን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ጎተተኝና፣

«ይሄ የሰው ቁጥር አይደለም፤ የክለብ ነው።
ሜኸለን ይባላል፣ አገሩ ቤልጂየም ነው።
እዚያ ክለብ ሁሉ መዝገብ ላይ ቁጥር አለው፤
ስሙ ቢለወጥ፣ አሠልጣኝ ቢባረር፣ ቀለሙ ቢለቅ፣ ቁጥሩ ያው ነው።
ሲከስር ግን፣ ከሬሳው ጋር ነው የሚቀበረው።
እነዚህ አንድ ሰሞን የአውሮፓ ዋንጫ በልተው፣
አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዕዳ በላቸው።
ደጋፊው ምን አደረገ? ተጫዋች አልገዛ፤
ሳንቲም ለቅሞ፣ ለቅሞ፣ ይህቺን ቁጥር ተቤዠ።
ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ፣ በሃያ አምስቱ ተነሣ።
ሜዳቸውስ ብትል? ‹ከጦር ሰፈሩ ጀርባ› ነው ስሙ፤
እንደኛው። ከቄራው ጀርባ።»
ይህን ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። የቦኩ ንፋስ ቆርቆሮውን ይመታል።
ሬድዮኑን ቀነሰና የተሰበረች ትንሽ ጣቱን ያሻል።
የዱቄት ፋብሪካው በረኛ ነበር።
ቡድኑ ስሙ ሦስቴ ተቀይሯል፤ ከተማዋም ራሷ
አዳማ ነበረች፣ ናዝሬት ተባለች፣ አዳማ ሆነች መልሳ፤
እሱ ግን የሚወረወረው ያው ወደ ግራ ነበር።

«በምን ሞተ?» አልኩት።
«ማን?»
«ቡድናችሁ።»
«ማንም ሞተ አላለም። አንድ ቅዳሜ ኳሱ አልመጣም።
በሚቀጥለው እኛም አልመጣንም።
ቁጥርማ ከየት መጥቶ! ደብተር ነበረን፣
መዋጮ የሚጻፍበት፣ ጌጤነሽ ጋ፣ ከሚዛኑ ክፍል።
በነፍስ ወከፍ ሽልንግ። እኔ ስሙኒ፣ ስሙኒ፣ ሁለቴ እከፍል ነበር።
የመጨረሻዋ ስሙኒ ቀርታብኛለች።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።
«ደብተሩ ካለ፣ ከስሜ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለ።
አሁን ለማን ይከፈላል?»
አንገቴ ሥር፣ በሁለቱና በአምስቱ መሐል ክሩን ዳሰሰው፤
በረኛ ኳሱን ከማስቀመጡ በፊት
መሬቱን በመዳፉ እንደሚደለድለው።

ከደጅ የጋሪ ቃጭል ተሰማ። «ስሙኒ!» አለ ባለ ጋሪው፣
እንደ ልማዱ ተንጠልጥሎ።
«አቤት» ልል አፌን ስከፍት፣
አባቴ ቀድሞኝ ተነሥቷል።
«መጣሁ!» አለ፣ በጨለማው
ጫማውን በእግሩ እየፈለገ።