ፊርማ በብርሃን ሲታይ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከደረጃው በታች፣
አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር ያላት፣
ስቴፕለሯ ሳይቀር በሲባጎ የታሰረች፣
ሱቄ ይቺ ናት።

ጥቁሩ አምስት ብር፣ በቀለም ሃያ።
ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ነው የማየው፤
የኪራይ ውል፣ ክስ፣ የፍቺ ስምምነት፤
አይቼ እንዳላየ መልሼ መስጠት፣
እሱ ነው ሙያዬ፣ እሱ ነው ጨዋነት።

ዘንድሮ ግን አንድ ደብዳቤ በዛብኝ።
መጀመሪያ ትርሲት፣ በሚያዝያ ማለቂያ፤
«ከቤቴ ሆኜ ነው፣ በዶላር ነው» አለች፤
ላሚኔት አሠራች። ቀጥሎ ሐምዲያ፣
ቀጥሎ ኦብሳ፣ ቀጥሎ ባልና ሚስት
ባንድ ቀን የተቀጠሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው።
ስሙ ብቻ ነው የሚለዋወጠው፤
ማኅተሙም ያው፣ ንስሩም ያው፣
«ቅጥር» ሊል ፈልጎ «ቅጠር» ያለውም ያው።

ከግርጌው፣ ዓይን በሚያስጠብብ ፊደል፦
«ለምዝገባና ለላፕቶፕ ማስያዣ
አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት።»
መላኪያው የአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር።
በዶላር የሚከፍል ትልቅ ድርጅት
የትርሲት ብር ምን ያደርግለታል?
ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ
ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤
አንጣፊዋ እኔ፣ ገጹን በሃያ ብር።

አባቴ ልደታ የቀን ሠራተኛ ነበር፣
ሳይነጋ ወጥቶ ከሰልፍ የሚቆም።
ፎርማኑ ክፉ ነው፣ ተሳዳቢ፣ ምቀኛ፤
አካፋውን ግን ራሱ ነው የሚሰጥ፤
«የአካፋ ክፈል» ብሎት አያውቅም።

ያፌት የመጣ ዕለት ዝናብ ነበር።
ስልኩን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ ከስታዲየም በእግሩ፤
«አንድ በቀለም» አለኝ፣ «ለእናቴ ላሳያት፤
ዕቁብ ወጥቶላታል፣ ከሱ ነው የምትሰጠኝ።»

እጄ ማሽኑ ላይ ቀረ።
«ይሄን ደብዳቤ አውቀዋለሁ» አልኩት።
«ከየት?»
«ካንተ በፊት ዘጠኝ ጊዜ አትሜዋለሁ።»
ሳቀ፤ «አየሽ፣ ዘጠኝ ሰው ቀጥረዋላ!»
ወዲያው ፊቱ ጠቆረ፤
«አንቺ ደረጃ ሥር ስለቀረሽ ሰው ሁሉ…»
አልጨረሰውም።
እውነቱን ነው። ደረጃ ሥር ነኝ።

መሳቢያ ከፈትኩ። የሐምዲያ ብልሽት፣
ቀለሙ የፈሰሰ፣ ያልጣልኩት አንድ ገጽ።
የሱን አተምኩና ሁለቱን ደርቤ
ወደ በሩ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል።
ወደ ሰማይ ያዝኩት።

ፊርማው በፊርማው ላይ፣ ጸጉር ሳይዛነፍ፣
ጭራው ከጭራው፣ ነጥቡ ከነጥቡ።
እስክሪብቶ ሰጠሁት፤ «በል ሁለቴ ፈርም»፤
ፈረመ፣ ፈረመ፣ በደረሰኝ ጀርባ።
አንዱ ረዘም አለ፣ አንዱ ወደ ጎን ደፋ።
እጅ ያለው ሰው ፊርማውን አይደግምም፤
ትንሽ ሳይሳሳት ስሙን አይጽፍም።

ዝም አለ። ጣቱን በወረቀቱ ላይ
እንደ ዓይነ ስውር ወዲያ ወዲህ አለው።
ስልኩ ጮኸ። መልእክት ነው።
«ቦታው ሊያመልጥዎ ነው።»

«ስንት ነው ሒሳቡ?»
ሃያ ብር አልኩት። ለምን እንዳልማርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።
ከፈለኝ።

ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወጣ አየሁት፤
ወረቀቱን አጥፎ፣ ስልኩን ከጆሮው አስጠግቶ፤
እናቱን ያናግር፣ እነሱን ያናግር፣
ከኔ በር አይሰማም።
ላሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።