የዘበኛ ቁርስ

ሲስተር ንግሥቲ ወረቀት ሰጥታኛለች፤
በሰማያዊ ቢክ አስምራ ጽፋለች።
«ቁርስ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሳይዘለል፣ ሳይረሳ፤
ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ቀለል ያለ ምሳ፤
እራት አሥራ ሁለት፣ ጀንበር ሳትገባ፤
ከዚያ ወዲያ ውኃ፣ ሆድዎ ቢባባ።
ሦስት ወር ይሞክሩት፤ ሰውነት ይቀላል፣
ቀበቶዎ ራሱ ሁለት ቀዳዳ ይላላል።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። አጥፌ ከተትኩት፤
ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስክደርስ አሰብኩት።

እኔ ዘበኛ ነኝ። ቀኔ የሚጀምረው
አዳሜ በር ዘግቶ መብራት ሲያጠፋ ነው።
ከኮዬ ፈጬ ማዶ፣ ከማያልቀው ፎቅ ሥር፣
ፌሮና ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር
ስቆጥር አነጋለሁ።
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትወጣ፣
እኔ ጋቢ ሳጥፍ ቀን ተረኛው ሲመጣ፣
ልተኛ ስል ቁርስ፣ ልነቃ ስል ራት፤
ሲስተርም አልነገረችኝ የዘበኛን ሥርዓት።

ምክርማ ሞልቷል።
ቀን ተረኛው ዋቅጅራ «ቁርስ ተው» ይላል፣ «ሳልበላ
እስከ ስድስት እውላለሁ፤ እየው ሆዴን፣ ጣውላ!»
ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣
(እንቅልፍ እምቢ ያለኝ ቀን እዚያው እውላለሁ)
የሦስት ሰው ፓስታ በእንጀራ ጠቅልሎ
ይውጠዋል እንደ ሚክሰር፣ «ጾሜን ፈታሁ» ብሎ።

እትዬ የሺመቤት፣ በላስቲክ ጎጆዋ፣
ሌላ ነው ሕክምናዋ፤
«የጠዋት ቅባት አጥንት እንጂ ስብ አይሆንም» ትላለች፣
ቅቤውን ጨጨብሳው ላይ በማንኪያ ጀርባ እያንሸራተተች።
የምትሸጥ ሰው ምን ትበል!

ሁሉንም ሞክሬአለሁ።
ሁለት ሳምንት ባዶ ሆዴን ተኛሁ፤ ሕልሜ ሁሉ ፉል ሆነ፣
ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ እንቁላሉ ላዩ ላይ የተከደነ።
ሁለት ሳምንት ደግሞ ቅንጬ በጠዋት በላሁ፣
ልክ እንደ ወረቀቱ፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።
ግን ሌሊት ስድስት ሰዓት ብርዱ አጥንት ሲገባ፣
እጄ ሳላዘው ወርዶ ኮቴ ኪስ ተጋባ።
ቆሎ!
አንድ ጭብጥ ለጅቡ፣ አንድ ጭብጥ ለሌባ፣
አንድም ለእንቅልፍ፣ እንዳይደፋኝ በጋቢዬ ተጀቡኖ ሲያባባ።
«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ»
ያለው ሰው ዘበኛ ነው፣ ተረኛ በጨለማ ቦታ።

አደባባዩ ጥግ መስቀሌ አለ። ከወላይታ የመጣ፣
ሚዛኑን በካርቶን አንጥፎ፣ ብርጭቆው መሐሉን የነቃ።
በየሰኞው ጫማዬን አውልቄ እወጣለሁ፤
ባትሪዬን፣ ቁልፌን፣ ዱላዬን አጠገቡ አስቀምጣለሁ።
ሰማንያ ስድስት።
ቁርስ ትቼ፣ ሰማንያ ስድስት።
ቁርስ በልቼ፣ ያው፣ ሰማንያ ስድስት።
አንዴ ብቻ፣ በግንቦት፣ ሰማንያ አራት ከግማሽ፤
ጉሮ ወሸባዬ ልል ስል
«መሬቱ ዘሞ ነው ጋሼ» አለኝ ያ ልጅ፣ የማይዋሽ።

ዛሬ ጠዋት ከሚዛኑ ሳልወርድ፣ እንዲያው ለጨዋታ፣
«አንተስ» አልኩት፣ «ቁርስህን ስንት ሰዓት ነው?»
ቀና ብሎ አየኝ፤ ጥያቄው የገረመው ይመስል።
«ስድስት ሰው ሲመዘን» አለ።

ሰዓት አላለም። ሰው ነው ያለው።

«እኔ ስንተኛህ ነኝ?»
«አራተኛ።»
ፀሐይዋ የፎቁን ስካፎልዲንግ አልፋ አስፋልቱ ላይ ወርዳለች፤
የሲስተር አንድ ሰዓት አልፏል።

ወረድኩ። ጫማዬን አድርጌ ተመልሼ ወጣሁ፣
ሰማንያ ሰባት። ሁለት ብር።
ደግሞ ወረድኩ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ባትሪዬን አንጠልጥዬ፣
የቆሎውንም ፌስታል ሳልረሳ፣
ወጣሁ፤ መርፌው ተንቀጠቀጠና ዘጠናን ነካ።
ሁለት ብር።

«ጋሼ፣ ጨመሩ እኮ!» አለኝ፣
ሚዛኑን ለእኔ ጥሎ
ወደ የሺመቤት ላስቲክ እየሮጠ።